ካቴናው ምን ይላል? የሞተር ሳይክል ሰንሰለትና ጥርስ ድምፆች ዳሰሳ

ሞተር ሳይክሉን ይዞ ጋራዥ የሚገባ ሰው ችግሩን የሚያስረዳው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን በአፉ እየሠራ ነው። «ከኋላ ቀጭ ቀጭ ይላል»፣ «ሲጥ ሲጥ ይልብኛል»፣ «ነዳጅ ስሰጠው ገጭ ይላል»። መካኒኩ ካቴናውን በእጁ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቀዋል፣ ጠበቅ ያደርገዋል፣ ዘይት ያንጠባጥብበታል፤ ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል። ድምፁ አንዳንዴ በዚያው ይቀራል። ብዙ ጊዜ ግን በሳምንቱ ይመለሳል፤ ያኔ «ካቴናና ጥርሱ ይቀየር» ይባላል። ከተቀየረ በኋላም ድምፁ አልሄድ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ጥፋተኛው ከመጀመሪያውም የኋላ ጎማው ኩሽኔታ ነበራ።

ስለ ካቴና ድምፅ የሚነገረው ከተለያየ አፍ ነው። የፋብሪካ መመሪያ በሚሊ ሜትር ይናገራል እንጂ ድምፅን እምብዛም አያነሳም። ጋራዡ በጆሮው ይተማመናል፤ ማስመሪያ ማውጣት አይወድም። የምህንድስናው ትምህርት ደግሞ ስለ ድምፁ አነሳስ ብዙ ያውቃል፤ ነገር ግን ከመንገድ ዳር ጋራዥ ጋር አይተዋወቅም። ሁሉንም ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል፦ ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ድምፁ ምን ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ ደካማው ነው። ብዙ የሚያወጣው «መቼ መቼ ይመጣል?» የሚለው ነው።

የድምፁ መልክ የሚያታልለው ሻሲው፣ የካቴናው መሸፈኛና ማርሚታው ሁሉ ብረት ስለሆኑ ነው። አንዱ ጋ የተነሳውን ሌላው ያስተጋባዋል። በዚያ ላይ ነጂው የሚያዳምጠው ጆሮውን በሄልሜት ሸፍኖ፣ ሞተሩ ከሥሩ እየጮኸ ነው። ቡሎኑ የላላ መሸፈኛ የሚያሰማውን ኳኳታ ካረጀ ካቴና ኳኳታ በጆሮ ብቻ የሚለይ ሰው እጠራጠረዋለሁ። የደረቀ ካቴና ሲጥታና የከበሮ ፍሬን ሲጥታም እንዲሁ ይምታታሉ። ድምፁ የሚደጋገምበት ልክ ግን በየትኛውም ብረት ውስጥ ቢያልፍ አይለወጥም።

ወደ ልኩ ከመሄዳችን በፊት፣ ጤነኛ ካቴናም ዝም እንደማይል ማወቅ ይገባል። የዛሬውን ባለ ሮለር ካቴና መሠረት የጣለው ሃንስ ረኖልድ የተባለ ትውልደ ስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዟ ማንቸስተር ነበር። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ፒን አለው፤ ፒኑን ቦኮላ ያቅፈዋል፤ በቦኮላው ላይ ደግሞ ሮለር ይሽከረከራል። ሮለሩ የተጨመረው ካቴናው ጥርሱን እየፈገፈገ ሳይሆን እየተንከባለለ እንዲያርፍበት ነው። ይሁንና ካቴና በጥርስ ላይ ሲጠመጠም የሚሠራው ቅርጽ ባለ ብዙ ማዕዘን እንጂ ክብ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሮለር ሲያርፍ በትንሹ ይመታል፣ ካቴናውም በትንሹ ከፍ ዝቅ ይላል። የፊቱ ጥርስ 14 ሲሆን የካቴናው ፍጥነት አንድ ጥርስ ባለፈ ቁጥር 2.5 በመቶ ያህል ይዋዥቃል፤ 17 ሲሆን ወደ 1.7 በመቶ ይወርዳል፤ 11 ሲሆን 4 በመቶ ይደርሳል። ዳገት እንዲወጣለት ብሎ የፊቱን ጥርስ ያሳነሰ ሰው «ከዚያ ቀን ወዲህ ይጮኻል» ቢል እውነቱን ነው፤ ብልሽት ግን አላመጣም። 42 ጥርስ ያለው የኋላው ስፕሮኬት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲኬድ በየሰከንዱ 370 ያህል ሮለሮችን ይቀበላል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እየቀጠነ የሚሄደው፣ ያልተቆራረጠው ዝምዝምታ ይኸው ነው፤ እሱን ለማጥፋት የሚደረግ ጥረት ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ልኩ። የፊት ጥርሱ 14፣ የኋላው 42፣ ካቴናው ደግሞ 118 መገጣጠሚያ ያለው ሞተር ሳይክል እናስብ። የኋላ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር የፊቱ ጥርስ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ካቴናው በበኩሉ አንድ ሙሉ ዙር እስኪጨርስ ጎማው 2.8 ጊዜ ያህል መዞር አለበት፤ 118ን ለ42 ማካፈል ነው። ሦስቱ አካላት ሦስት የተለያየ ልክ አላቸው ማለት ነው፤ የሚያማቸውም በየልካቸው ነው።

ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ በመሀል መቆሚያው ካቆሙት በኋላ በጎማው ላይና በአንዱ የካቴና መገጣጠሚያ ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ ጎማውን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር። ድምፁ የጎማው ምልክት አንድ ቦታ በደረሰ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ጉዳዩ ከጎማው ጋር የሚዞር ነገር ነው፦ የኋላው ስፕሮኬት፣ ኩሽኔታው፣ ወይም ፍሬኑ። በአንድ የጎማ ዙር ውስጥ ሦስት ጊዜ እኩል ተራርቆ ከመጣ ወደ ፊት ጥርሱ መሄድ ነው። የጎማው ምልክት በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ እያለ፣ የካቴናው ምልክት ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እያለ ከመጣ፣ ያለ ጥርጥር ካቴናው ውስጥ የታመመ መገጣጠሚያ አለ። 2.8 እንጂ ድፍን 3 አለመሆኑ እዚህ ጋ ይጠቅመናል፤ ድፍን ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ምልክቶች አብረው እየዋሉ ግራ ያጋቡን ነበር። የየራስን ጥርስ ቆጥሮ ስሌቱን መሥራት ነው እንግዲህ፤ ቁጥሩ ከሞተር ሞተር ይለያያል።

መቆሚያ የሌለውም ቢሆን አይቸገርም። በእግር እየተራመዱ ሲገፉት፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ያለው ጎማ አንዱን ዙር በ1.4 ሰከንድ ያህል ይጨርሳል። የፊቱ ጥርስ በሰከንድ ሁለቴ ትንሽ አልፎ ይዞራል፤ ካቴናው ዙሩን ለመጨረስ ወደ 4 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህን ለመለየት ሰዓት እንኳ አያስፈልግም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መቁጠር ይበቃል። አንድ ነገር ግን በምንም ምክንያት አይደረግም፦ ሞተሩን አስነስቶ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ካቴናው እየዞረ በጨርቅ መወልወል ወይም በእጅ መዳሰስ። ብዙ ቦታ ሲደረግ ይታያል። ጨርቁን ጥርሱ ከነጠቀው ጣቱም አብሮ ይገባል፤ ጣት የሚያስቆርጥ ልማድ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ድምፁ ከጭነት ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በ40 ገደማ እየሄዱ ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩን ማሳረፍ የተለመደ ፈተና ነው፤ መካኒኮችም ነጂዎችም ይስማሙበታል። ድምፁ ሞተሩ በወረደበት ቅጽበት አብሮ ከወረደ ከሞተሩ ነው፤ ጎማው በሚሄድበት ፍጥነት ከቀጠለ ከኋላ ነው ይባላል። ሁለተኛው ትክክል ነው። የመጀመሪያው ግን ጉድለት አለበት። ፍሪሲዮን ሲያዝ ካቴናውም ከሸክሙ ያርፋል፤ ስለዚህ ተጎትቶ ሲወጠር ብቻ የሚጮኽ ካቴና በዚህ ፈተና ንጹሕ መስሎ ያልፋል። የሚሻለው በአንድ ፍጥነት ሦስተኛና አራተኛ ማርሽን እየቀያየሩ ማዳመጥ ነው። የሞተሩ ዙር ተለውጦ የድምፁ ልክ ካልተለወጠ፣ ሞተሩን መፍታት አያስፈልግም።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ የሚያሳስተው ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ፣ በመገለባበጫው ላይ የሚሰማው «ገጭ» ነው። የዚህ ድምፅ ትርጉም አንድ ነው፤ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ። ክፍተቱ የት እንደሆነ ግን ድምፁ አይናገርም። የላላ ካቴና ሊሆን ይችላል። የፊቱ ጥርስ የሚቀመጥበት ዘንግ ላይ ያሉት ጎድጓዶች ተበልተው ወይም ጥርሱን የሚይዘው ዳዶ ወይም ሳህን ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጥርሱን በጣት ይዞ በማወዛወዝ ይታወቃል። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ በብዙ ሞተር ሳይክሎች የኋላው ስፕሮኬት በቀጥታ ከቸርኬው ጋር አይታሰርም፤ በመካከል ድንገተኛውን ምት የሚያበርዱ ላስቲኮች አሉ። እነዚህ ሲደርቁና ሲያንሱ ስፕሮኬቱ ጎማው ሳይንቀሳቀስ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጎማውን አጥብቆ ይዞ ስፕሮኬቱን በእጅ ማዞር ነው፤ ላስቲክ እየታሸ ጥቂት ቢሄድ ደህና ነው፣ ብረት እስኪመታ በነጻ የሚሄድ ከሆነ አልቋል። ላስቲኩ እስኪገኝ ድረስ የካላማዳሪያ ቁራጭ ጠቅጥቆ መጠቀም በብዙ አገር ያለ ዘዴ ነው። እኔም አልነቅፈውም፤ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል።

የማልስማማው በዚህ «ገጭ» ምክንያት ካቴናውን ከሚያጠብቁት ጋር ነው። ለብዙ መካከለኛ የመንገድ ሞተሮች የታችኛው የካቴና መስመር መሀሉ ላይ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር እንዲጫወት ይፈለጋል፤ ረዥም አሞርቲዘር ላላቸው የገጠር መንገድ ሞተሮች ከዚያ ይበልጣል፤ የየራሳቸው ልክ ብዙ ጊዜ ከኋላው ሹካ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፏል። ይህ ጨዋታ የተተወው በከንቱ አይደለም። የፊቱ ጥርስ፣ ሹካው የሚታጠፍበት ቦታና የኋላው አክሲል በአንድ መስመር ሲሆኑ ካቴናው እጅግ ይወጠራል፤ ይህም የሚሆነው ሰውና ዕቃ ተጭኖ ሹካው ሲወርድ ነው። ባዶውን ቆሞ ልክ የመሰለው ካቴና ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ እህል ሲጫን የፊቱን ዘንግ እየጎተተ ነው። ከዚያ የሚመጣው በጉድጓዱ ሁሉ የሚጨምር ጉርምርምታ ነው፤ ሲቆይ ደግሞ ከዘንጉ ዙሪያ ዘይት ማንጠብጠብ ይጀምራል፤ የካምቢዮው ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነው። የላላ ካቴና ሹካውንና መሸፈኛውን እየደበደበ ያስጠነቅቃል፤ እጅግ ከላላ ከጥርሱ ወርዶ ጎማ ሊያስር ስለሚችል አይናቅም። የጠበቀው ግን ብዙ ሳይጮኽ ውድ የሆነውን ዕቃ ይበላል። ከሁለቱ መምረጥ ግድ ቢሆን ጥቂት የላላውን እመርጣለሁ።

መለኪያው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነም አይረዳም። ያረጀ ካቴና እኩል አያረጅም፤ አንዱ ጋ ይወጠራል፣ ሌላው ጋ ይረግባል። ጎማውን እያዞሩ በአራት አምስት ቦታ ለክቶ፣ በጠበቀው ቦታ ላይ ልኩን መስጠት ነው። በጠበቀውና በላላው መካከል ያለው ልዩነት ከሰፋ ማስተካከያ የለውም፤ ጩኸቱም ከላይ ባየነው የካቴናው ልክ እየመጣ እየሄደ ይኖራል።

«ካቴናው ተለጠጠ» የሚባለው ነገር የብረት መለጠጥ አይደለም፤ የፒንና የቦኮላ መበላት ነው። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበላ፣ 118ቱ ሲደመሩ ካቴናው በ11.8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የሚይዙት 428 የሚባለው ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሃያ መገጣጠሚያ ወጠር አድርጎ ሲለካ አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ 259 ከደረሰ 2 በመቶ ረዝሟል፣ ዘመኑ አልፏል። በዚህ ጊዜ ሮለሮቹ ወደ ጥርሱ ጫፍ እየወጡ ስለሚያርፉ ጥርሱም እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጥ የሚሰማው «ቀው» የሚለው ድንገተኛ ዝላይ ይኸው ነው። ከኋላው ስፕሮኬት ጫፍ ላይ ካቴናውን በጣት ወደ ኋላ ስቦ ማየት ይበቃል፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ መወሰን ነው። ካቴናው ብቻ ይቀየር ወይስ ከነጥርሱ በሚለው ክርክር ላይ ጥርጣሬ የለኝም፦ በተበላ ጥርስ ላይ የተጫነ አዲስ ካቴና ከመጀመሪያው ቀን ይጮኻል፣ ዕድሜውም ያጥራል። አንዳንዴ ደግሞ ጥርሶቹ አንዱ ዘሎ አንዱ ተበልተው ይታያሉ። የጥርሱም የካቴናውም ቁጥር ተጋማሽ (ለሁለት እኩል የሚካፈል) ሲሆን አንዱ ጥርስ ሁልጊዜ የሚያገኘው አንድ ዓይነት መገጣጠሚያ ስለሆነ ነው፤ 15 ጥርስ ያለው የፊት ስፕሮኬት ጭነቱን በእኩል የሚያዳርሰውም ስለዚህ ነው።

በገበያ ላይ የሚፈጸም ሌላ ስሕተት አለ። 420ና 428 ከፒን እስከ ፒን ርዝመታቸው እኩል ነው፤ ስፋታቸው ግን ይለያያል። ለ420 በተሠራ ቀጭን ጥርስ ላይ 428 ካቴና ሲገባ ይሄዳል፤ ነገር ግን ወደ ጎንና ጎን እየተንገዋለለ ይንኳኳል። ማንም የማያገኘው ድምፅ ይሆናል፤ ሁሉም አዲስ ነዋ። በካቴናው የጎን ሳህን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከስፕሮኬቱ ጋር ማመሳከር ነው መድኃኒቱ።

ዘይትን በተመለከተ አስተያየቱ እጅግ የተራራቀ ነው። መመሪያዎች የካቴና ቅባት ወይም 80/90 የካምቢዮ ዘይት ይላሉ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ከሞተር የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት ነው። የተቃጠለው ዘይት ጥላሸትና የብረት ቅንጣት ይዟል፣ ከአቧራ ጋር ሲቦካም ይፈጫል፤ ቢሆንም ከደረቅ ካቴና ይሻላል፤ ይህን የማይቀበሉ ሰዎች ሌላ ቅባት ከማይገኝበት ወረዳ ርቀው የሚኖሩ ይመስለኛል። ከዘይቱ ዓይነት ይልቅ አቀባቡ ይበልጣል። ከጉዞ መልስ፣ ካቴናው ገና ሳይቀዘቅዝ፣ በታችኛው መስመር ውስጠኛ ጎን፣ በሳህኖቹ መካከል መንጠብ አለበት፤ ሲዞር ራሱ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ማጠቢያው ላምባ ነው፤ ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ የላስቲክ ቀለበት ያለውን ካቴና ያበላሻሉ። ቀለበት ባለው ካቴና ውስጥ ፒኑን የሚያለሰልሰው ከፋብሪካ የታሸገው ግራሶ ነው፤ ቀለበቱ ከተቀደደ ከውጭ የሚቀባ ዘይት ብዙም አይደርስለትም። ስለዚህ ሲጥታው ዘይት ሲቀባ ጠፍቶ በማግስቱ ከተመለሰ፣ ደግሞ ደጋግሞ መቀባት ሳይሆን ፒኖቹን መመልከት ነው፤ በአንዱ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ ውስጡ ደርቋል። እንዲህ ያለው መገጣጠሚያ ከፊቱ ጥርስ ሲወጣ ሳይዘረጋ ታጥፎ ይቀራል፤ በካቴናው ልክ «ጠቅ» የሚለውም እሱ ነው።

በክረምት ሌላ ነገር ይመጣል። የዋልካ ጭቃ በፊት ጥርሱ መሸፈኛ ውስጥ ከቅባት ጋር ተጋግሮ ሲደርቅ ካቴናውን ይፍቃል፤ ድምፁ ከካምቢዮ የመጣ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ግን መሸፈኛውን ፈትቶ በጠፍጣፋ ብረት መፋቅ ነው። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ፣ ለእርሻ ሥራ ታስበው የተሠሩ ሞተሮች ካቴናቸው ሙሉ በሙሉ በሳጥን ውስጥ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ በብዛት ይድናሉ። ዕዳውም አለ፦ የማይታይ ነገር ይረሳል፤ ላልቶ ሳጥኑን ሲደበድብ ነው የሚታወሰው። ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚያደርሰው በዘንግ እንጂ በካቴና አይደለም፤ ሞተራቸው ጎማው ውስጥ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎችም ካቴና የላቸውም። ከእነዚህ ወደ ካቴና የመጣ ነጂ ጤነኛውን ዝምዝምታ ሁሉ በሽታ አድርጎ ቢሰማው አይፈረድበትም።

የጎማ መዛነፍ ደግሞ የሚፋጭ፣ የማያቋርጥ ድምፅ አለው። የኋላው ሹካ ላይ ግራና ቀኝ ያሉት ጭረቶች እኩል ናቸው ብሎ ማመን አይበቃም፤ በትክክል ያልተመቱ አሉ። ሹካው ከሚታጠፍበት ፐርኖ እስከ አክሲሉ ድረስ በሁለቱም ጎን በሜትር መለካት ይሻላል። የስፕሮኬቱ ጥርሶች በአንድ ጎናቸው ብቻ አብረቅርቀው ከታዩ መዛነፉ ተረጋግጧል።

ጆሮ ጨርሶ የማይደርስበት ነገርም አለ። የተሰነጠቀ ሳህን እስኪበጠስ ድረስ ላይጮኽ ይችላል። ካቴናውን የሚገጣጥመው ትንሹ ቅንጥብም እንዲሁ፤ ወልቆ ወድቆ እንኳ ሳህኑ ለጊዜው በቦታው ይቆያል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ቅንጥቡ ሲገባ የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ክፍቱ ወደ ኋላ መሆን አለበት፤ በተቃራኒው የገባ ቅንጥብ አንድ ነገር በነካው ቁጥር ወደ መውለቅ ይገፋል። ጎማውን በእጅ እያዞሩ ድምፅ በሚቆጥሩበት ሰዓት ዓይንን እሱ ላይ ማሳረፍ ተጨማሪ ጊዜ አይወስድም።